ሻርኩና የሌሊት ወፏ ለአንድ ድንኳን

በአገራችን የለቅሶ ድንኳን አንድ ብቻ ነው። ድሮ ሁለት ነበሩ አሉ። በአንድ ሳምንት ሁለት ቤት ሲሞትበት ሰዉ ይከፈላል፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይቀመጣል፣ ከዚያ «የነሱ ሞልቶ የኛ ሳሳ» በሚል ቂም ይያያዛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ማን ዘንድ ብዙ ሰው አለቀሰ በሚል ዱላ ተማዘው ሰው ተገደለ፤ ለተገደለውም የቱ ድንኳን ይተከል በሚል ሌላ ዱላ ተነሣ። ያን ጊዜ ሽማግሎቹ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉና አንደኛውን ድንኳን አቃጠሉት። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ብወለድም የሚሰማኝ አልነበረም።

የተረፈውን ድንኳን ገመድ ከሚወጥሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። አባቴም ይህንኑ ሲሠራ ነው ያረጀው። እንግዲህ የምነግራችሁን ከመንገደኛ አልሰማሁትም፣ ካስማ ይዤ ቆሜ ነው ያየሁት።

ሕጉ እንዲህ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ከሞተ ሁለቱም ይቀበራሉ፤ ድንኳኑ ግን የሚገባው ለከበደው ኀዘን ነውና ነገሩ ወደ ሚዛን አዳራሽ ይሄዳል። ሰውን ከሰው ማወዳደር ደግሞ በኛ ዘንድ ነውር ነው። «የእከሌ አባት ከእከሌ ልጅ ይበልጣል» ያለ ሰው ውሃ የሚያቀብለው አያገኝም፤ እኛ ሰው አክባሪዎች ነን። ስለዚህ የሚወዳደሩት ሟቾቹ ሳይሆኑ የገደሏቸው ነገሮች ናቸው። የበለጠው ገዳይ የበለጠውን ኀዘን አመጣ ማለት ነው፤ አለቀ።

መብረቅና የተደረመሰ ጣራ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ጣራው ረታ። መብረቅ መጥቶ ይሄዳል፣ ጣራ ግን በየቀኑ ሰው አናት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል ተባለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ ሞቶ፣ እንቅልፍ ከበቅሎ እርግጫ ጋር ቀርቦ ተረታ። የሽማግሌው ልጆች እስከ ዛሬ የአባታቸውን ክፍል በር ሲከፍቱ ቀስ ብለው ነው፣ እንዳይቀሰቅሱት ይመስል።

የተረታ ቤት ብዙ ነገር አይፈቀድለትም። ነጠላ ማዘቅዘቅ አይችልም። ደረት መምታት፣ ጮኾ ማልቀስ አይችልም። «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው የለም። የተረታው ሟች ስምም ሚዛኑ እንዳይታወክ ሲባል በአደባባይ አይጠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቂም እንዳይኖር ተብሎ፣ የተረታው ቤት ንፍሮ ቀቅሎ ወደ ረታው ቤት ድንኳን ተሸክሞ ይሄዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ማን እንዳሰባት አላውቅም። ማንም ይሁን፣ አፈሩ አይቅለለው።

አሁን ወደ ደብሪቱ ልምጣ። ደብሪቱ ከኔ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብላ የምትኖር ቅርጫት ሠሪ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እሱ ሲሞት በሳምንቱ ሌላ የሞተ ስላልነበረ ድንኳኑን እኔው ነኝ የተከልኩላት፤ ወጉ ደርሷት እንደ ልቧ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። የልጅቱን ስም አሁን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ምላሷ የማያርፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ «ለምን?» እያለች የምታደክም ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና አልበቀለም ነበርና ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናቷ ለበዓል አዲስ ጫማ ገዝታላት፣ እንዳያረጅብኝ ብላ በእጇ ይዛው ነበር የምትዞረው።

ከቤታቸው ጀርባ የማንጎ ዛፍ አለ። በገደሉ ዋሻ የሚኖሩት ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ሲመሽ ይመጡበታል። ልጅቱ በማለዳ ተነሥታ እነሱ ነክሰው የጣሉትን ትለቅማለች። እናቷ ስትቆጣት «እማዬ፣ እነሱ እኮ የሚነክሱት ጣፋጭ ጣፋጩን መርጠው ነው» ትላለች። ሐሰት አልነበረም፤ እኛም በልጅነታችን ይህንኑ እያልን በልተናል፣ ምንም አልሆንንም። እሷን ግን ትኩሳት ያዛት። ነደደች፣ ቃዠች፣ በመጨረሻ እናቷንም ማወቅ ተሳናት። ሐኪሙ መጥቶ ግማሹ የተበላውን ማንጎ አገላብጦ አየና «የሌሊት ወፏ ናት» አለ። በነጋታው ሞተች።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አስናቀ ሞተ። አስናቀ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ዛጎል የሚያወጣ፣ ሳቁ ከወደቡ እስከ ገበያው የሚሰማ ግዙፍ ሰው ነበር። ጓደኞቹ እያዩት ነብሮው ወሰደው። ነብሮ የምንለው ጎኑ ዥንጉርጉር የሆነውን ትልቁን ሻርክ ነው። የሚቀበር የተገኘው የወገቡ መታጠቂያ ብቻ ነበር። ሚስቱ ዘርፌ ትባላለች፤ ልጅ አልወለዱም። አስናቀ በደብሪቱ አጥር ሲያልፍ ያችን ልጅ ትከሻው ላይ አውጥቶ ከላይ ያለውን፣ ያልተነከሰውን ማንጎ ያስቀጥፋት ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ሁለቱም እንደተቀበሩ አዋጅ ነጋሪው በየሰፈሩ እየዞረ «እንባ ይቆይ! ሚዛን እስኪያነሣ እንባ ይቆይ!» እያለ ጮኸ። ሁለቱ ሴቶች በየደጃፋቸው ዓይናቸው ደርቆ ተቀመጡ። መንገደኛ ወደዚያ እያየ ያልፋል። እኔ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝና ደብሪቱ ጋ ቆም አልኩ።

«ዛሬ ነፋሱ በርትቷል» አልኳት።

«አዎ፣ በርትቷል» አለችኝ።

ሌላ ምን ልበላት? ሕግ ነው።

በሚዛን አዳራሽ ለእያንዳንዱ ገዳይ አንድ ተሟጋች ይቆምለታል። ለሻርኩ ቢተው ቆመ፤ ወደብ ላይ ያደገ፣ ድምፁ የሚያስደነግጥ ሰው ነው። ለሌሊት ወፏ ፈንታሁን ደረሰው። ፈንታሁን ደግ ሰው ነው፣ ክፋት አያውቅም፤ ችግሩ ሌላም ብዙ ነገር አለማወቁ ነው። ደብሪቱ ደጃፍ መጥቶ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ።

«እኅቴ፣ እንግዲህ ላንቺ የቆምኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሌሊት ወፍ ሲባል እኔ የማውቀው ልብሴ ላይ ስትኩስ ነው። አንድ የሚያስፈራ ነገር ካላገኘሽልኝ ቢተው ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ?»

«ልጄን ገድላለች» አለች ደብሪቱ።

«እሱንማ ያውቃሉ። እሱ አይቆጠርም። የራሷን የወፏን ነገር ነው የምፈልገው።»

ደብሪቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ «ጋሼ ፈንታሁን» አለችው፣ «እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም። ማልቀስ ብቻ ነው የምፈልገው። ስሟን ጠርቼ አንድ ጊዜ ብጮኽ ይበቃኛል። እዚህ ጋ ታንቃ ቀርታብኛለች» ብላ ጉሮሮዋን ነካች።

«እኮ! ለዚሁ ነው እኮ የምለፋው» አለ ፈንታሁን፣ ዓይኑን ከሷ እያሸሸ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ደብሪቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከገደሉ ሥር፣ ዋሻው አፍ ላይ መቀመጥ ያዘች። ጠላቷን ልታጠና ሄደች። የልጇ ገዳይ ታላቅ እንዲሆንላት የምትጸልይ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። «አምላኬ፣ ጨካኝ አድርጋት፣ ወደር የሌላት አውሬ አድርጋት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እራት ይዤላት ነበር የሄድኩት፤ አልበላችውም።

ያየችውን ለፈንታሁን እየመጣች ነገረችው። ዋሻው ውስጥ እጅ በማያሳይ ጨለማ በምላሷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች መንገዷን ታውቃለች አለችው። ተገልብጣ ተንጠልጥላ ትተኛለች፣ አትወድቅም። ከሁሉ በኋላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «አንድ ብቻ ነው የምትወልደው» አለች። «ደረቷ ላይ አጣብቃው ትበራለች። ያን የሚያህል ልጅ ተሸክማ። ሲያርፉ በክንፏ ትጠቀልለዋለች።»

ፈንታሁን ከመቀመጫው ዘለለ። «ይሄ ነው እንጂ! ሸክም ይዞ መብረር! ሻርክ የታባቱ ይሄንን ይችላል? ረታን በይ፣ እኅቴ!»

ደብሪቱ ፈገግ ልትል ሞከረች። እስዋም ጉልበት ይመስላል ብላ ነው የነገረችው።

የሚዛኑ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መሐል ላይ ትልቁ የእንጨት ሚዛን ተሰቅሏል። በአንድ ወገን የነብሮ መንጋጋ፣ ሰው ቆሞ የሚያልፍበት፣ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በሌላው ወገን አንዲት የሌሊት ወፍ ከነልጇ በዶሮ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣለች። ቅርጫቱ የደብሪቱ የእጅ ሥራ ነበር፤ ሌላ ቅርጫት በአገሩ የጠፋ ይመስል። ሊቀ ሚዛን ድንበሩ ከፍ ባለው ወንበር ተሰየሙ። እሳቸው እንግዲህ በጥያቄው ሁሉ ላሸነፈው ወገን ጠጠር የሚጥሉት ናቸው። ርዝመትና ክብደት አይጠየቅም፤ እሱ የገበያ ሥራ ነው ይላሉ።

በመጀመሪያ የጥርስ ጥያቄ ተነሣ። ቢተው ወደ መንጋጋው ሄዶ ጣቱን ጥርሱ ላይ ጫን ሲያደርግ ደሙ ፈሰሰ፤ ሕዝቡ «ኧረ!» አለ። «የወለቀው ጥርስ ወዲያው ይተካለታል። ሲሞት እንኳ ይቆርጣል» አለ ቢተው። ለሻርኩ ጠጠር ተጣለ።

የጨለማው ጥያቄ ቀጠለ። ሻርክ በደም ሽታና ሰው በሚንቀሳቀስበት ትርታ አድኖ ያገኛል ተባለ። ፈንታሁን «ደም ከሌለስ? ማንም ካልተንቀሳቀሰስ? የኔዋ ግን በገዛ ድምፅዋ ታያለች!» አለ። ሊቀ ሚዛኑ ራሳቸውን ነቀነቁና ለሌሊት ወፏ ጣሉላት። ደብሪቱ እጇን እጇ ውስጥ ስትጨብጥ አየኋት።

ስለ እንቅልፍ ሲጠየቅ ቢተው ሻርክ ቢቆም ይሰምጣል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲዋኝ ይኖራል አለ። ፈንታሁን የኔዋ ተዘቅዝቃ ተኝታ አትወድቅም አለ። ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው «እኔ ቀጥ ብዬ ተኝቼም ከአልጋ እወድቃለሁ» ሲሉ ሰዉ ሳቀ፤ ለሌሊት ወፏ ተጣለ። ደብሪቱ መራች። አንድ ጥያቄ ቀረ።

የመጨረሻው የማኅፀን ጥያቄ ነው። እሱ ሁለት ጠጠር ያወጣል፣ ጥንትም እንደዚያው ነው። ቢተው ተነሣ። «ነብሮ ልጆቹን በሕይወት ነው የሚወልደው፣ ብዙ ናቸው፣ ጥርሳቸውን አብቅለው ነው የሚወጡት። እናትየው ወልዳ ትሄዳለች። ዞራም አታይ። ቢራቡ ባይራቡ፣ ቢሞቱ ባይሞቱ፣ ጉዳይዋ አይደለም።»

ፈንታሁን በኩራት ደረቱን ነፋ። «የኔዋ አንድ ትወልዳለች! ያንን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትበራለች! ጉልበቷን እዩት!» ብሎ ቅርጫቱን አነሣ። የሌሊት ወፏ በፍርሃት ክንፏን ልጇ ላይ አጠፈች።

ሊቀ ሚዛኑ ጎንበስ ብለው ቅርጫቱን ብዙ አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ለልጅዋ የምትራራ ገዳይ ግማሽ ገዳይ ናት። ግማሽ ገዳይ ያመጣው ሞት ደግሞ ግማሽ ሞት ነው። ለግማሽ ሞት ሙሉ ድንኳን አይተከልም።» ሁለቱንም ጠጠር ለሻርኩ ጣሉ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ደብሪቱ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ከንፈሯ ብቻ ነጣ። ፈንታሁን «እኅቴ፣ እኔ እኮ ጉልበት መስሎኝ…» እያለ ሲንተባተብ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ አጽናናችው። እሷ እሱን!

ሰዉ መንጋጋውን በዕልልታ ተሸክሞ ወጣ። ቅርጫቱን የሚያስታውስ አልነበረም። እኔ የድንኳን ገመዴን ልሰበስብ ስመለስ ደብሪቱ ከቅርጫቱ ፊት ቆማ አገኘኋት። አንገቷን ልትጠመዝዛት ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ክዳኑ ሲከፈት ሰማሁ።

«እጠላሻለሁ» አለቻት። «እስክሞት እጠላሻለሁ። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ወፏ ግን ቀን ነበርና ብርሃኑ አሳወራት፣ አልወጣችም። ደብሪቱ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ቅርጫቱ ላይ ደረበችበት፣ እስኪመሽ ድረስ።

በማግሥቱ ድንኳኑን ዘርፌ ደጅ ተከልኩ። ደብሪቱ ሌሊቱን ስትቀቅል ያደረችውን ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች፣ ነጠላዋን እንደ ማንኛውም ቀን አጣፍታ። ድንኳኑ በሰው ታጭቋል። አልቃሿ መሐል ቆማ ታወርዳለች፦

«ባሕሩ ጥልቅ ነው፣ ውስጡ አይታይም፣
የገባ ሰው እንጂ የወጣ አላይም።»

ሕጉ የተረታ ሰው ለራሱ ሟች እንዳያለቅስ ነው የሚከለክለው። ለረታው ሟች ማልቀስ ግን ተፈቅዷል፤ እንዲያውም ይበረታታል፣ የጉርብትና ወግ ነው። ደብሪቱ ሰፌዱን አስቀመጠች። ቀና አለች። ከዚያ «አስናቀ!» ብላ ጮኸች።

እናንተዬ፣ እኔ ስንቱን ለቅሶ ሰምቻለሁ፣ ሥራዬ ነው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም። «አስናቀ! አስናቀዬ! ማን ‹ለምን?› እያለ ያደክመኝ!» ደረቷን ትመታለች። «አስናቀዬ፣ ጥርስህ ሳይበቅል! ጫማህ ገና አዲስ ነበር እኮ፣ አስናቀ! በእጅህ ይዘኸው ሄድክ!»

አልቃሿ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰዉ ርስ በርሱ ተያየ። ያ ሰውዬ ጥርሱ ድርድር ያለ፣ በባዶ እግሩ የኖረ ጠላቂ ነው። ከፍራሹ ላይ ግን ዘርፌ ተነሣች። ሰዉን እየከፈለች መጣችና ደብሪቱን አንገቷን አቀፈቻት፣ እሷም «አስናቀ! ጥርስህ ሳይበቅል!» እያለች አብራ ጮኸች። ድንኳኑ ውስጥ ዓይኑ ያልረጠበ አልነበረም። ለማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልተናገረም። እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ገመዴን ወጠርኩ።

በሣልስቱ ድንኳኑን አፈረስኩ። ወሬው ግን አልፈረሰም። «ደብሪቱ ከባለ ኀዘኗ በላይ አለቀሰች» ተባለ። በኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከባለ ኀዘኑ በላይ ያለቀሰ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል። ሳምንት ሳይቆይ ሁለቱም ሴቶች ወደ ሚዛን አዳራሽ ተጠሩ። መንጋጋው በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበርና በመሐሉ ነው ያለፉት።

«ልጄ» አሏት ሊቀ ሚዛኑ ለደብሪቱ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በሰው ድንኳን ለራስሽ ሟች አልቅሰሻል። ያ የድንኳን ስርቆት ነው፤ ቅጣቱን ታውቂዋለሽ፣ የሟችሽ መቃብር ይደለደላል፣ ምልክቱ ይነሣል፣ የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። ወይ ደግሞ ከአስናቀ ጋር ነገር ነበራችሁ። የቱ ነው?»

ደብሪቱ ምን ትበል? እውነቱን ብትናገር የልጇ መቃብር ሊታረስ ነው። ብትዋሽ ደግሞ ከጎኗ የቆመችውን ሴት፣ ባሏን ገና የቀበረችውን፣ በሰው ፊት ልታዋርዳት ነው። መሬት መሬቱን አየች። ሊቀ ሚዛኑ «ዝምታሽን ለስርቆት እቆጥረዋለሁ» ብለው ጠጠሩን አነሡ።

«ወዷት ነበር» አለች ዘርፌ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ሊቀ ሚዛኑ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«ባሌ ይወዳት ነበር፣ ጌታዬ። አውቅ ነበር። ማንጎ ላውርድ እያለ በአጥሯ የሚመላለሰው ለዚያ ነው። መንደሩ በሙሉ አይቶታል፣ ጠይቁ።»

ሰዉ ርስ በርሱ ተያየ። አዎ፣ አይቶታል። ማንጎውን ሁሉም አስታወሰ፤ ትከሻው ላይ የነበረችውን ልጅ ያስታወሰ ግን አልነበረም።

«ጥርስህ ሳይበቅልስ ያለችው?» አሉ ሊቀ ሚዛኑ።

«እሷ ዘንድ ሲሄድ ሕፃን ይሆን ነበር። በፍቅር ነው እንደዚያ የምትለው።»

«አዲሱ ጫማስ?»

ዘርፌ ትንሽ አሰበች። «ለሷ ቤት መሄጃ የገዛው ነው። እኔ እንዳላውቅበት በእጁ ይዞት ነበር የሚሄደው።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። ሰዉ የቅናት መሰለው። ሊቀ ሚዛኑም እንደዚያ መሰላቸውና ጠጠሩን ወደ ከረጢቱ መለሱ። «ነገሩ ተቆርጧል» አሉ። «ያለቀሰችው ለተፈቀደው ሟች ነው። መቃብሩ አይነካም።»

ከአዳራሹ ሲወጡ ከኋላቸው ነበርኩ። ደብሪቱ የዘርፌን እጅ ያዘች፣ አልለቅም አለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ምን አደረግሽ? የሰውየውን ስም እኮ ነው ያጠፋሽው። ያንቺንም።»

«ስሙን ተዪው፣ ደብሬ» አለች ዘርፌ። «እሱ ድንኳን ተተክሎለታል፣ ስሙ ተጠርቶለታል። አስናቀን አታውቂውም? ያቺን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ እቤት የገባ ዕለት፣ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቢኖር ራሱ ነበር የሚዋሽላት።» ከዚያ ዘወር ዘወር ብላ አየች። «በይ አሁን በጆሮዬ ንገሪኝ። ሲብስባት ምን አለች?»

ደብሪቱ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። የምትለውን አልሰማሁም። ዘርፌ ግን መንገድ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የሰው ወሬ ግን ማለፍ አያውቅም። ሚስቶች ደብሪቱን ሲያዩ ባሎቻቸውን በዓይን ይጠብቃሉ። ዘርፌን ደግሞ «ምስኪን፣ ባሏ እንዲያ አድርጎ…» እያሉ ከንፈር ይመጡላታል። ሁለቱ ሲሄዱ አብረው ነው፤ ይህም ለሰዉ ሌላ እንቆቅልሽ ሆነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የኛ ሰው ልማዱ ነው።

ደብሪቱ ደግሞ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ትመጣለች። ማንም ይሙት፣ ታውቀው አታውቀው፣ ስሙን ትጠይቅና ጮኻ ትጠራዋለች። «አያ ደምሴ!» ትላለች። «እማማ የውብዳር!» ትላለች። ሊቀ ሚዛን ድንበሩ ራሳቸው የሞቱ ጊዜም መጥታ «ድንበሩዬ፣ ጥርስህ ሳይበቅል!» ብላ እንደዚያው አለቀሰችላቸው፤ እሳቸው ጥርሳቸው ከረገፈ ቆይቶ ነበር። ሰዉ ለምዷታል። «ይህቺ ሴትዮ ስንቱን ወዳ ኖሯል?» ይላሉ፣ ይስቃሉ። ዘርፌ ብቻ ናት የማትስቀው። እኔም ገመዴን እወጥራለሁ።

የማንጎ ዛፉ አሁንም አለ። ሲመሽ ይመጡበታል። ደብሪቱ አላስቆረጠችውም፤ በማለዳ ተነሥታ ግን የሌላ ሰው ልጅ ከመምጣቱ በፊት የተነከሰውን ሁሉ ለቅማ ትቀብራለች።

ሕጋችን በአደባባይ አይጠራ ነው የሚለው። እናንተ አደባባይ አይደላችሁም ብዬ ልመን። ብርቄ ነበር ስሟ። ማንጎ ትወድ ነበር።